ካያት ያርፋል

እህቴን ከአባቴ ደጃፍ የመለስኳት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህን የነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች ሁሉ "ልጅ ነበርሽ እኮ" ይሉኛል። አዎ፣ ልጅ ነበርኩ፤ ሞኝ ግን አልነበርኩም። የማደርገውን አውቄ፣ ምክንያቴን ይዤ፣ ውሸቴን ለቀናት በልቤ ተለማምጄ ነው የመለስኳት። የተሳሳትኩት በሁለት ቃላት ብቻ ነው። ሁለቱንም ከአባቴ አፍ ነው የሰማኋቸው፤ ያውም እየተጫወትን።

አባቴ አናጢ ነበር። ሃያ ዓመት የማገው የእንጨት ብናኝና የቫርኒሽ ሽታ ሳንባውን ጨርሶበት፣ ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን" ብሎ ሲሸኘው፣ ከእናቴ ጋር ሲጋቡ ለሠርጋቸው ብሎ በገዛ እጁ የሠራው ሰፊ አልጋ ላይ ተኛ። ቤታችን ከሥራ ቦታው በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ የሚወጣው ከውጭ በኩል በተሠራ የእንጨት ደረጃ ነው። ታች መጋዙ ዝም ብሏል፤ አንድ ቁም ሣጥን በሩ ሳይገጠምለት ቆሞ ቀርቷል። እናቴ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤ ጠዋት ወጥታ ሲመሻሽ ነው የምትገባው። ከሰዓት በኋላ አባቴን የምንጠብቀው እኔና ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ነበርን። አክስቴ ሥራዋን ይዛ ትመጣና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለምታወራ፣ ከምትለው ውስጥ ለኔ የሚደርሰኝ ግማሹ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩን ያመጣው የእናቴ ወንድም ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስለሚጠግን ሰፈሩ "ሽቦው" ይለዋል። ከሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮች አንድ ሕይወት ያለው አውጥቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን ወጣና ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠው።

"ሰውዬ፣ ጣሪያ ስትቆጥር ከምትውል ንገሥ" አለው አባቴን።

መሣሪያው ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራ ነበር። በውስጡ የነበረውም አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የድሮ ዘመን ነገሥታት ጨዋታ። ንጉሥ ትሆናለህ፣ ታገባለህ፣ ትወልዳለህ፣ ትዋጋለህ፣ ትሞታለህ። ስትሞት ልጅህን ሆነህ ትቀጥላለህ፤ ጨዋታው የሚያልቀው ወራሽ የጠፋ ዕለት ነው። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። አባቴ ያነበዋል፤ ክንዱን ማንሣት ስለሚያደክመው ግን ማውሱን መያዝ አይችልም። እኔ ማውሱን እይዛለሁ፤ እንግሊዝኛው ግን ለኔ የዝንብ እግር ነው። እሱ እያነበበ ያዛል፣ እኔ እጫናለሁ። "ቀኝ እጄ" ነበር የሚለኝ።

በመጀመሪያው ቀን "አልጋ ወራሹን ምረጪ" ሲለኝ ዞር ብዬ የተኛበትን አልጋ አየሁ።

"ይሄን የሚወርሰውን?"

አባቴ ሳል እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ። "ነገሥታት ዙፋናቸውን አልጋ ነው የሚሉት።"

"ታዲያ የት ነው የሚተኙት?"

"እነሱ የት ይተኛሉ፤ ሁሉም እንደኔ ዕድለኛ መሰለሽ?"

የኛ ሥርወ መንግሥት የጉድ አገር ነበር። የመጀመሪያው ንጉሣችን ሚስቱ ስትሞትበት የልጁን ሚስት እናት አገባና ለገዛ ልጁ አማት ሆነ። ከዚያ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቴ በጣቶቹ እየቆጠረ፣ "ቆይ፣ ይሄ ሕፃን ለንጉሡ ታላቅ ልጅ ወንድሙ ነው። የወንድሙ ሚስትም እህቱ ናት። ስለዚህ ለገዛ ወንድሙ ዋርሳው ነው ማለት ነው" አለ። አክስቴ መርፌዋን ከአፏ አወጣች፤ መርፌ ማውጣቷ ነገሩ ከባድ ሲሆን ነው። "ይሄን ያሰበ ሰው ቤተሰብ የለውም እንዴ?" አለችና መልሳ ነከሰችው።

ቀጥሎ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ነገሠ። በነገሠ በሳምንቱ በስሙ አያቱ ላይ ጦርነት ታወጀ፤ አሸነፋትና ወህኒ አወረዳት። ወህኒ ወርዳም ግን የሕፃኑ ሞግዚት እሷው ነበረች፤ ጨዋታው ሞግዚትነቷን መሻር ረስቶታል።

"ታዲያ ሲያለቅስ ማን ያባብለዋል?" አልኩ።

"ወህኒ ይወስዱታላ። አባብላው ስትጨርስ መልሳ ካቴናዋን ታጠልቃለች።"

ጳጳሱ ደግሞ ርግብ ነኝ ብሎ ግንብ ላይ ወጣ። አልወርድም ስላለ የመንግሥቱ ምክር ቤት ግንቡ ሥር እየተሰበሰበ ወደ ላይ አንጋጦ መማከር ጀመረ። የጦር አዛዣችን ሁለት ዓይኑ አያይም፤ አንድም ጦርነት ግን አልተሸነፈም። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያነብ ፊቱ ደም ይገባበት ነበር። ከታመመ በኋላ የማውቀው ሳቁ በሙሉ የዚያ ጨዋታ ሳቅ ነው።

ነገሥታቱ ሲሞቱ አሟሟታቸው የባሰ ነበር። አንዱ በእንቁላል አስኳል ታንቆ፣ ሌላው ዶሮ ሲያባርር ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ሦስተኛው ራሱ በተናገረው ቀልድ ሲስቅ ትንፋሽ አጥሮት። የመጀመሪያው የሞተ ቀን አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ንጉሡ አረፉ" አለ።

"ደክሟቸው ነው?"

"አይ። ሞቱ።"

"ታዲያ ለምን አረፉ ትላለህ?"

"ንጉሥ ሞተ አይባልማ፤ ነውር ነው። ንጉሥ ያርፋል።"

"እኛስ?"

"እኛ አሁን ማን ነን? ንጉሥ አይደለን?"

ነን። ነገሩ እንግዲህ አለቀ። አባቴ ንጉሥ ነው፤ ስለዚህ የሚያሰጋኝ ነገር ስሙ ማረፍ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አክስቴ "እስቲ ትንሽ ይረፍ፣ አታስለፍልፊው" ስትለኝ ሮጬ ደረቱ ላይ ጆሮዬን እለጥፍ ነበር። አክስቴም "እንዴት ትወደዋለች" እያለች ትገረማለች።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የነበረን ንጉሥ ሽማግሌ ነበር። ይህ ንጉሥ ንግሥቲቱን ሳያገባ በፊት የወለዳት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሌላ ቤተ መንግሥት ነው ያደገችው። አባቴ ጦርነቱንም ጋብቻውንም ተወና በየቀኑ እሷን ብቻ መጠየቅ ጀመረ። "ታላቋን አሳዪኝ" ይላል። ፊቷ ላይ እጫናለሁ። ቆንጆ አልነበረችም፤ አፍንጫዋ ረጅም ነው። አባቴ ግን ዝም ብሎ ያያታል።

አንድ ቀን እሷን እያየ፣ "እኛም ቤት እኮ ታላቅ አለች" አለኝ። "እህት አለችሽ። ከእናትሽ ጋር ሳንተዋወቅ በፊት የወለድኳት። እናቷ ሌላ ከተማ ይዛት ሄደች። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።"

"አንተስ?"

"እኔማ አልፈለግኳትም" አለ።

ዛሬ ሳስበው ያን ቃል በምን ድምፅ እንዳለው ይሰማኛል። ሄጄ አልፈለግኳትም፣ ደጅ ለደጅ ብዬ አላሰስኳትም፣ ማለቱ ነበር። የጸጸት ቃል ነው። እኔ የማውቀው መፈለግ ግን ብስኩት መፈለግ፣ ኳስ መፈለግ ነው። አባቴ አይፈልጋትም ብዬ ያዝኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ።

በሚቀጥለው ቀን "ወደ ቤተ መንግሥቱ ጥሪያት" አለኝ። ጠራኋት። መልስ እስኪመጣ አባቴ ትራሱን ከፍ አስደርጎ ጠበቀ። እሺ አለች፤ መጣች፤ ሥዕሏ ከንጉሡ ሥዕል አጠገብ ተቀመጠ። አባቴ "አየሻት፣ መጣች" ብሎ ዓይኑን በአንሶላው ጠረገ። ወዲያው ንጉሥ ሲሞት የሚወጣው ያ ጥቁር ጽሑፍ ብቅ አለ። አባቴ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

"ምን ይላል?"

"ንጉሡ... ልጃቸውን ሲያዩ ከደስታ ብዛት አረፉ ይላል።"

እዚህ ላይ የልጅነቴን ወሬ ልቁረጠው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የመነጽር መስታወት በምቀርጽበት ሱቅ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ያንን ጨዋታ ከየትም ብሎ አገኘልኝ። አሁን እንግሊዝኛ አነባለሁ። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ነገሥታት ስገድል ዋልኩ። የአማቶቹ ጉድ እውነት ነው። ወህኒ ያለች ሞግዚት እውነት ናት፤ ርግብ የሆነ ጳጳስም አየሁ። በአስኳል የታነቀ ንጉሥ ግን የለም። ዶሮ የሚባል ነገር ጨዋታው ውስጥ ጭራሽ የለም። ሽማግሌዎቹ ነገሥታት ሁሉ ሲሞቱ የሚወጣው አንዲት አጭር መስመር ናት፤ "ለረጅም ጊዜ ታሞ ሞተ" ነው የምትለው። አባቴ ያቺን መስመር በየሁለት ሳምንቱ እያነበበ፣ እኔ እንዳልሰማት በየጊዜው አዲስ አሟሟት ይፈጥርልኝ ነበር። ከደስታ ብዛት የሞተ ሰውም አልነበረም። እንዳልደነግጥ ብሎ የዋሸኝ ውሸት ነው እህቴን በር ላይ ያስቀራት። ለዚህ እሱን እንዳልቆጣው ሆዴ ይባባል፤ እንዳልተወው ደግሞ ቆሽቴ ያራል።

እሑድ እናቴ ቤት የምትውልበት ቀን ነው። እሷና አክስቴ ወዲያኛው ክፍል ልብስ ያጥፋሉ። እኔ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተጋድሜ እሥላለሁ፤ ማለትም ጆሮዬን ጥያለሁ።

"እሷን ነው የሚጠብቀው" አለች አክስቴ መርፌዋን እንደነከሰች። "ካያት ያርፋል።"

አንሶላ ሲራገፍ ይሰማኛል።

"ትምጣ ብያለሁ እኮ" አለች እናቴ። "እኔ ከልክዬ አላውቅም። ራሴ ነኝ የደወልኩላት፤ ረቡዕ ትገባለች። ይረፍ። በቃው።"

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። እናቴ አውቃ፣ ራሷ ደውላ፣ የምትገድለውን ልጅ ጠርታበታለች። አክስቴም ታውቃለች። ተስማምተዋል። እንደምትገድለው አባቴ ብቻ አያውቅም፤ እሱም እንደዚያ ሽማግሌ ንጉሥ ትራሱን ከፍ አስደርጎ ይጠብቃታል። ለማን ልናገር? ለሽቦው እንዳልነግረው የእናቴ ወንድም ነው። ቤቱ ውስጥ ከአባቴ ጎን የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ አልጋዬ ውስጥ ሆኜም፣ ትምህርት ቤት ተሰልፌም፣ የምለውን መለማመድ ጀመርኩ።

አክስቴ ልታጽናና ነበር ያን ያለችው። ልጁን ካየ ልቡ ይረጋል፣ ጭንቀቱ ይወርድለታል ማለቷ ነው። እናቴ "ይረፍ" ስትል የቱን ማለቷ እንደነበረ ግን ዛሬም አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት አክስቴ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ቀይራ፣ ልትቀበላት ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደች። "ውሃ ሲፈልግ ስጪው፤ አንድ ሰዓት አልቆይም" አለችኝ። አባቴ እንደወጣች ጠራኝ።

"ቀኝ እጄ፣ እስቲ ጠጉሬን አበጥሪልኝ።"

አበጠርኩለት። አንገቱ ላብ ላብ ይላል፤ ልቡ በሸሚዙ ላይ ሲመታ ይታያል። "ሰማያዊው ሸሚዝ አይሻልም ነበር?" ይለኛል። ይሄ ሁሉ ሽርጉድ ለሞቱ እንደሆነ ሳያውቅ ነው እያልኩ ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ደረጃው ላይ እግር ሰማሁ። አክስቴ ደረጃ ስትወጣ ታጉረመርማለች፤ ይህ እግር ዝም ያለ ነው። ሳይንኳኳ በፊት ቀድሜ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ገጠም አደረግሁት።

ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ነበረች። በአንድ እጇ ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ይዛለች። ጆሮዎቿ ገንጠል ያሉ ናቸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደዚያ ያሉ ጆሮዎች የአባቴና የኔ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አውቶቡሷ በጣቢያው የጓሮ በር ገብቶ፣ አክስቴ በፊት ለፊቱ በር ቆማ፣ ተላልፈዋል።

"የአናጢው ቤት ነው?"

"ነው።"

"ትንሿ አንቺ ነሽ ማለት ነው።" ፈገግ አለች። "እኔ እህትሽ ነኝ። አባባ ነቅቷል?"

"አባዬ አይፈልግሽም" አልኳት።

"ማን ነው ያለሽ?"

"እሱ ራሱ። አልፈለግኳትም ብሎኛል።" ይህ ውሸት አልነበረም። ቀጥሎ ያለው ነው የተለማመድኩት። "እንዳትገባም ብሏል። የጠራችሽ እማዬ ናት እንጂ እሱ አይደለም።"

ሻንጣዋን ቀስ ብላ ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ቁጢጥ ብላ በቁመቴ ልክ ሆነች። "ግቢና መጥታለች በዪው" አለችኝ። "ከሱ አፍ ልስማውና እሄዳለሁ።"

ይህን አልተለማመድኩትም። ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁት። አባቴ በክርኑ ተነሥቶ ነበር።

"ማነው?"

"ቤት የተሳሳቱ ሴትዮ ናቸው።"

ፊቱ ወረደ። ትራሱ ላይ ተመለሰ። ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ ደንበኛ በር ላይ አስቁሞ አያውቅም። ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ ወደ በሩ፣ "ይቅርታ፣ ተሳስተዋል፤ በሰላም ይሂዱ" ለማለት ሞከረ። "ይቅርታ" የምትለዋንና "በሰላም" የምትለዋን ሳሉ በላቸው። የወጣለት "ተሳስተዋል፤ ይሂዱ" የሚለው ብቻ ነው፤ ትንፋሹ ከዚያ በላይ አልበቃውም።

በሩን ስከፍት እህቴ ደረጃውን እየወረደች ነበር። ዞር ብላ አላየችም።

"ሄዱ?" አለ አባቴ።

"ሄዱ።"

"ምስኪን። ማንን እንደሚፈልጉ ብትጠይቂያቸው ጥሩ ነበር።"

አክስቴ ላብ በላብ ሆና ብቻዋን ተመለሰች። "አልመጣችም" አለች በር ላይ ሆና። አባቴ ጣሪያውን እያየ፣ "መንገድ ነው፣ ነገ ትመጣለች" አለ። በማግስቱም እንደዚያው አለ። እናቴ መልሳ ደወለችላት፤ የሚያነሣ አልነበረም። ጨዋታውን ክፈቺ ማለት ተወ፤ በሩ ገርበብ ተደርጎ እንዲተው ብቻ ይፈልግ ነበር። እኔ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው። ከፍ ዝቅ ሲል አዳንኩት እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሳምንት ኮርቼ አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ፣ አክስቴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ያለ መርፌ ነበር የመጣችው።

"አባትሽ አረፈ" አለችኝ።

"ማን አስገባት?" አልኩ።

አክስቴ ያልኩት አልገባትም። ልጅቷ ደንግጣ ትቀባጥራለች ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። እኔ ግን መልሴን እየጠበቅሁ ነበር፤ ቤት እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የእህቴ ስም "ያቺ ጨካኝ" ሆነ። እናቴ ሰው በመጣ ቁጥር፣ "ለሚሞት አባቷ ደረጃ መውጣት የከበዳት፣ ድንጋይ" ትላለች። እኔ እሰማለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ልክ ናት ብዬ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ አንዲት ጎረቤት ልጇ ከሄደበት አገር አልጻፈልኝም ብላ ስታለቅስ፣ አክስቴ ክር እየጠመጠመች፣ "ደብዳቤው ሲደርስሽ ታርፊያለሽ፣ አይዞሽ" አለቻት። የክር ማጠንጠኛው እጄ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠርጋ ሄደች፤ አልሞተችም። ያን ቀን ነው የሠራሁትን ያወቅሁት። ካወቅሁ በኋላም ግን ምላሴን ዋጥኩት፤ እናቴ "ድንጋይ" ስትል አንገቴን ደፍቼ ሰሐን አጥባለሁ። ስምንት ዓመቴ ላይ ያደረግሁትን ይቅር የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከአሥራ ሦስት እስከ ሠላሳ አራት ዝም ያልኩትን ግን "ልጅ ነበርሽ" ብሎ የሚሸፍንልኝ የለም።

አክስቴ ዘንድሮ ከመሞቷ በፊት የእህቴን የሥራ ቦታ ነገረችኝ። በሌላ ከተማ የሴቶች ጠጉር ቤት አላት። ሄድኩ። በሩን ስገፋ አንዲት ደንበኛ ጠጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ መጽሔት ታገላብጣለች፤ እህቴ የጠጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በየመጠናቸው እየለየች ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠጉሯን ወደ ኋላ ስለያዘችው ጆሮዎቿ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እሷም መጀመሪያ ያየችው ጆሮዬን ነው።

"ደረጃው ላይ የነበርሽው ነሽ" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ንጉሡ፣ ስለ አክስቴ ቃል፣ ስለ ውሸቴ፤ ጠጉሩን እንዳበጠርኩለት፣ ዘጠኝ ቀን በሩን አስከፍቶ እንደጠበቃት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ቢጎዲን መለየቷን ግን አላቆመችም።

"ዘጠኝ ቀን" አለች ስጨርስ።

"ዘጠኝ ቀን።"

"ሦስቱን ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ብዬ፣ ከቤታችሁ ፊት ለፊት ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ነበር የምውለው። አንዲት ሴትዮ ጨርቅ ተሸክማ ስትገባ ስትወጣ አያለሁ። አክስቴ መሆኗን በምን ልወቅ።"

"ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም የመጣሁት" አልኩ። "እውነቱን እንድታውቂው ነው።"

"ለራስሽ እንዲቀልሽ ነው የመጣሽው" አለች። ድምፏ አልከፋም፤ ዝም ብላ ነው የተናገረችው። "እኔ እሱን ጠልቼ ነው የኖርኩት። ጥላቻ ሲቆይ ይለመዳል፤ ለምጄው ነበር። ከማባረሩ ይልቅ የገደለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቱ ማለቱ። የገዛ ልጁን፣ እንደ መንገደኛ፣ ይሂዱ አለኝ።"

"አላወቀም። ሌላ ሰው መስሎት ነው።"

"ነገርሽኝ እኮ፤ ሰማሁ።" እጇ ቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። "ከአምስት ዓመቴ በፊት ያለውን ድምፁን አላስታውሰውም። ከአባቴ አፍ የወጣ፣ የራሴ ነው ብዬ የያዝኩት ያንን ብቻ ነው። ክፉም ቢሆን ለኔ ያለው ነው እል ነበር። አሁን ደግሞ እሱም ለኔ የተባለ አልነበረም ትዪኛለሽ።"

ካስኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ድምፁ ስለሚያውካት ጮክ ብላ፣ "ደርቋል ወይ?" ብላ ጠየቀች። እህቴ እጇን በፎጣ ጠርጋ ልታይላት ሄደች። ስትመለስ ሌላ ደንበኛ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።